ለአውሮፕላን መንገድ ባትሪ ሲሰነቅ

የአገራችን መንገደኛ ስንቁን ሳያሰናዳ ከቤቱ እንደማይወጣ የታወቀ ነው። ዛሬ ከደባርቅ ወይም ከዳባት ተነሥቶ ጎንደር ላይ አውሮፕላን የሚሳፈር ሰው፣ ከዳቦ ቆሎው ጋር ሌላም ስንቅ ይይዛል፤ ይኸውም ፓወር ባንክ የሚባለው ነው። በስልኩ ወይም በተንቀሳቃሽ ቪዲዮ ማጫወቻው ፊልም ሊያይ፣ ዘፈን ሊሰማ ያስባልና። ታዲያ ይህ ስንቅ ለስንት ሰዓት ይበቃል? የትስ ነው የሚያዘው? ብዙዎቻችን ሁለቱንም በግምት ነው የምናልፈው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ከገማቾቹ አንዱ ነበር። አንድ ጊዜ ለሥልጠና ስሄድ ፓወር ባንኬን «እንዳይጠፋ» ብዬ በጋቢ ጠቅልዬ ከሻንጣዬ ሥር ቀበርኩት። ሻንጣው ከተመዘነ በኋላ በስም ተጠራሁ። ሰው እያየኝ ጋቢውን ዘርግፌ አወጣሁት። ፈታሹ «በእጅህ ያዘው» ብሎኝ አለፈ፤ ለምን እንደሆነ እኔም አልጠየቅሁም። ፊዚክስ የሚያስተምር ሰው አለመጠየቁ ግን በኋላ አሳፈረኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሊቲየም ባትሪ ውስጥ አዎንታዊውንና አሉታዊውን ክፍል የሚለየው አንድ ስስ መጋረጃ ነው። መጋረጃው በመጨፍለቅ፣ በእርጅና ወይም በፋብሪካ ጉድለት ከተቀደደ ሁለቱ ወገኖች ይገናኛሉ፤ ሙቀት ይፈጠራል። ሙቀቱ ኬሚካላዊ ለውጥ ያስነሣል፤ ለውጡ ደግሞ መልሶ ሌላ ሙቀት ይወልዳል። አንዱ ባትሪ ሲነድ አጠገቡ ያለውን ያቀጣጥላል። በአውሮፕላን የዕቃ ክፍል ውስጥ የሚረጨው የእሳት ማጥፊያ ጋዝ ነበልባሉን ያዳፍናል እንጂ የጋለውን ባትሪ አያቀዘቅዝም። ሰው በተቀመጠበት ክፍል ግን ጭሱ ቶሎ ይታያል፤ አስተናጋጆች ደርሰው ውኃ እያፈሰሱ ያቀዘቅዙታል። «በእጅህ ያዘው» የተባልኩት እንግዲህ ለዚህ ነበር።

ይህ ወሬ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. መስከረም 3 ቀን 2010 ብዙ የሊቲየም ባትሪ የጫነ የዩፒኤስ ዕቃ ጫኝ አውሮፕላን ከዱባይ ተነሥቶ የዕቃ ክፍሉ በእሳት ተያያዘ፤ ተከስክሶም ሁለቱ አብራሪዎች ሞቱ። እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 1 ቀን 2016 ጀምሮ የሊቲየም አዮን ባትሪ ለብቻው እንደ ጭነት በመንገደኛ አውሮፕላን እንዳይጓጓዝ በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ታግዷል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ባትሪ የኢትዮጵያ አየር መንገድንም ሁለት ጊዜ ፈትኖታል። በጥር 2013 (እ.ኤ.አ.) በሁለት የጃፓን አየር መንገዶች ድሪምላይነሮች ላይ የአውሮፕላኑ የራሱ ባትሪ በመቃጠሉ በዓለም ያሉት 787ቶች ሁሉ ከበረራ ታገዱ፤ የእኛዎቹም አብረው ቆሙ። ባትሪው ከተሻሻለ በኋላ መንገደኛ ጭኖ በመነሣት የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከዓለም ቀዳሚ ሆነ፤ ቀኑ ሚያዝያ 27፣ መዳረሻው ናይሮቢ ነበር። ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ሐምሌ 12፣ ለንደን ሂትሮው ላይ ሰው ሳይኖርበት ቆሞ የነበረ የዚሁ አየር መንገድ 787 ከጅራቱ ፊት ለፊት ጣሪያው ላይ ተቃጠለ። የእንግሊዝ መርማሪዎች በ2015 ባወጡት ዘገባ መነሻው የአደጋ ጊዜ አመልካች ሬዲዮ ባትሪ መሆኑን ገለጹ፤ ሽቦዎቹ ከክዳኑ ሥር ተጨፍልቀው ነበር። አውሮፕላኑ ተጠግኖ ወደ ሥራው ተመልሷል። እንግዲህ አንድ የተጨፈለቀ ሽቦ ይህን ካደረገ፣ ከሻንጣ ሥር በጫማና በጀሪካን የተጨቆነውን ባትሪ አስቡት።

«ከፍታው ባትሪውን ያሳብጠዋል» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ለእኛ አካባቢ ይህ እንኳ አይሠራም! በተራ የመንገደኛ አውሮፕላን ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ቢያንስ ቢያንስ በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለው ጋር እኩል ሆኖ ይጠበቃል፤ በ787 ደግሞ በ1,800 ሜትር ገደማ። ደባርቅ ግን ከ2,700 ሜትር በላይ ናት፤ ዳባትም ከ2,500 ሜትር ታልፋለች። ስለዚህ የደባርቅ ሰው አውሮፕላን ሲሳፈር፣ ከግፊት አንፃር ወደ ቆላ እንደ ወረደ ነው የሚቆጠረው። እዚህ ሳያብጥ የኖረ ባትሪ እዚያ በከፍታው ምክንያት አያብጥም። ያበጠ ባትሪ ካያችሁ በውስጡ ጋዝ ስለ ተፈጠረ ነው፤ ለጉዞም ለቤትም አይሆንም።

አሁን ወደ ሒሳቡ። በፓወር ባንኩ ጀርባ 20,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚል ተጽፏል እንበል። ለ1,000 ሲካፈል 20 አምፔር ሰዓት ነው፤ በ3.7 ቮልት ሲባዛ 74 ዋት-ሰዓት ይሆናል። የመውጫውን 5 ቮልት አይቶ በ5 ማባዛት ይቀናናል፤ ስሕተት ነው። የተጻፈው ቁጥር የውስጡ ባትሪ ነው፤ የእሱ ቮልቴጅ ደግሞ 3.7 ገደማ ነው። 5 ቮልት የሚሆነው ሲወጣ በመቀየሪያ ነው። ሕጉ እስከ 100 ዋት-ሰዓት ያለ ፈቃድ ይዞ መግባትን ይፈቅዳል፤ ከ100 እስከ 160 የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ከ160 በላይ የሆነ ለመንገደኛ ክልክል ነው። 27,000 የተጻፈበት 99.9 ይሆንና ለጥቂት ያልፋል፤ 30,000 የተጻፈበት ግን 111 ነው። ጽሑፉ ተፋቅቆ ከሆነ ደግሞ ፈታሹ በምን ያምናችኋል?

ከ74ቱ ሁሉም መሣሪያችሁ ዘንድ አይደርስም። በመቀየሪያውና በገመዱ ሲቀናነስ 50 ገደማ ቢደርስ ነው። 10 ዋት የሚፈጅ ቪዲዮ ማጫወቻ በዚህ 5 ሰዓት ይሠራል። 19 ዋት-ሰዓት የሚይዝ ስልክ ሁለት ጊዜ ተኩል ገደማ ይሞላል። ከጎንደር አዲስ አበባ በረራው አንድ ሰዓት ገደማ ስለሆነ ሙሉ ስልክ ብቻውን ይበቃል፤ ስንቅ የሚያሻው ለሩቁ ነው። በሩቁ አውሮፕላን ላይ በየመቀመጫው ሶኬት ወይም ዩኤስቢ ሊኖር ይችላል፤ ግን አንዳንዱ ደካማ ነው፣ አንዳንዱም ጨርሶ አይሠራም። አየር መንገዶችም የየራሳቸውን ደንብ ይጨምራሉ፤ ለምሳሌ ኤሚሬትስ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 1 ቀን 2025 ጀምሮ ፓወር ባንክ ይዞ መግባትን እንጂ በበረራ ላይ መጠቀምን አይፈቅድም። ስለዚህ ትኬት ሲቆረጥ መጠየቅ፣ መሣሪያውንም ከቤት ሞልቶ መነሣት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የሬዲዮ ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ አስጥተን ዜና የሰማንበት ዘመን ነበር። ያንን ዘዴ በሊቲየም ላይ እንዳትሞክሩት። ሳንቃ በር አድሮ የቀዘቀዘ ባትሪም መጀመሪያ በኪስ ይሙቅ፤ ከዚያ በኋላ ነው ቻርጅ የሚደረገው። በአውሮፕላን ላይ ስልካችሁ ከመቀመጫው ስንጥቅ ቢገባ ደግሞ መቀመጫውን ወደ ፊትም ወደ ኋላም አታንቀሳቅሱ፤ ብረቱ ይጨፈልቀዋል፤ አስተናጋጇን ጥሩና እሷ ታውጣላችሁ።