የላባ መኝታ ከረጢት

የላባ መኝታ ከረጢት በዳክዬ ወይም በዝይ ለስላሳ ላባ የተሞላ፣ ሰው ገብቶበት ዚፑን ዘግቶ የሚተኛበት የጉዞ መኝታ ነው። በተለምዶ ስሊፒንግ ባግ ይባላል። ከብርድ ልብስ የሚለየው ገላን ከሁሉም ወገን በመክበቡ፣ ክብደቱ ቀላል በመሆኑና ሲታጠፍ ትንሽ ቦታ በመያዙ ነው። በኢትዮጵያ በተለይ የሚያስፈልገው በደጋና በውርጭ አካባቢዎች በድንኳን ለሚያድሩ ሰዎች ነው። ከእነዚህ አካባቢዎች መካከል እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ይጠቀሳል።

ታሪክ

ለገበያ በብዛት ከቀረቡት የመጀመሪያዎቹ የመኝታ ከረጢቶች አንዱን ያወጣው ዌልሳዊው ነጋዴ ፕራይስ ፕራይስ-ጆንስ ሲሆን፣ የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1876 ነው። የእሱ ከረጢት ከሱፍ የተሠራ ነበር። ላባ በከፍተኛ ተራራ ላይ ያለው ጥቅም ጎልቶ የታየው ቆየት ብሎ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1922 በተደረገው የኤቨረስት ጉዞ ጆርጅ ፊንች በላባ የተሞላ ካፖርት ለብሶ ነበር። በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ግን ብርድን ለመከላከል ከጥንት ጀምሮ ጋቢ፣ ቡሉኮ፣ በርኖስ፣ ደበሎና አጎዛ ሲያገለግሉ ኖረዋል።

ሙቀት የሚይዝበት መንገድ

የመኝታ ከረጢት ራሱ ሙቀት አያመነጭም። ሙቀቱ የሚመጣው ከተኛው ሰው ገላ ሲሆን፣ የከረጢቱ ሥራ ይህ ሙቀት ቶሎ እንዳያመልጥ ማድረግ ብቻ ነው። ለስላሳው ላባ በወፏ ደረት አካባቢ ከውጭኛው ላባ ሥር የሚበቅል ሲሆን፣ ጠንካራ አገዳ የለውም። ጭረቶቹ ተበታትነው በመካከላቸው አየር ይይዛሉ። ይህ የማይንቀሳቀስ አየር ሙቀትን በቀላሉ አያስተላልፍም። ስለዚህ ከረጢቱ በተነፋ ቁጥር ይሞቃል፤ ከተጨፈለቀ ወይም ከረጠበ ግን ሙቀት የመያዝ ችሎታው ይቀንሳል።

የሰሜን ተራሮች ሌሊት

ጎንደር ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከእሷ በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ደባርቅ የፓርኩ መግቢያ ናት። ከፓርኩ የድንኳን ሰፈሮች ሳንቃበር 3,200 ሜትር ገደማ፣ ግጭና ጨነቅ ደግሞ 3,600 ሜትር ገደማ ከፍታ አላቸው።

የአየር ሙቀት በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይቀንሳል። በዚህ ስሌት ግጭ ከጎንደር ይልቅ በ10 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል። በከተራ ሌሊት በጎንደር በፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ የሚያድር ሰው በጋቢና በብርድ ልብስ ሊያነጋ ይችላል፤ ያው ልብስ ግጭ ላይ አይበቃም። ከጥቅምት እስከ የካቲት ባሉት ወራት ሰማዩ ጥርት ስለሚል መሬቱ በቀን ያገኘውን ሙቀት በሌሊት በፍጥነት ያጣል። በመሆኑም ከዜሮ በታች መውረድና ውርጭ በእነዚህ ሰፈሮች የተለመደ ነው።

የሙቀት ደረጃ አነባበብ

የከረጢቶች የሙቀት ደረጃ አይሶ 23537 በተባለው ዓለም አቀፍ መለኪያ ይወሰናል። በመለያው ላይ ሦስት ቁጥሮች ይገኛሉ፦

ምቹ፦ አንዲት ሴት ተዝናንታ ተኝታ ሳይበርዳት የምታድርበት።
ወሰን፦ አንድ ወንድ ተኮራምቶ ሳይነቃ ሊያድር የሚችልበት።
አደገኛ፦ ሕይወትን ለማቆየት ያህል ብቻ የሚያገለግል።

በምቹውና በአደገኛው መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ ከ15 ዲግሪ ይበልጣል። አንዳንድ ርካሽ ከረጢቶች በትልቁ የሚጽፉት አደገኛውን ቁጥር ነው። ስለዚህ «−10» የሚል ጽሑፍ ያለበት ከረጢት በዜሮ ዲግሪም ላያስተኛ ይችላል። ገዢው መጠየቅ ያለበት ምቹውን ቁጥር ነው። በበጋ ወራት ግጭ ወይም ጨነቅ ለሚያድር ሰው ምቹ ደረጃው −5 አካባቢ የሆነ ከረጢት አስተማማኝ ነው። ዜሮ አካባቢ የሆነውም ወፍራም ልብስና ጥሩ ምንጣፍ ከታከሉበት ሊያገለግል ይችላል።

በአነስተኛ ዋጋ መምረጥ

የላባ ጥራት የሚለካው አንድ አውንስ ወይም 28 ግራም ያህል ላባ ተነፍቶ በሚይዘው ቦታ ነው። 600 የተባለው ላባ 9.8 ሊትር ያህል፣ 800 የተባለው ደግሞ 13 ሊትር ያህል ይይዛል። በመሆኑም 600 ግራም ባለ 800 ላባ የሚሰጠውን ሙቀት 800 ግራም ባለ 600 ላባ ይሰጣል። ልዩነቱ 200 ግራም ብቻ ሲሆን፣ የዋጋው ልዩነት ግን ከፍ ያለ ነው። በሰሜን ተራሮች ጓዝ ብዙውን ጊዜ በበቅሎ ስለሚጫን፣ ይህ ትርፍ ክብደት ተጓዡን አይጎዳም። ስለዚህ መካከለኛ ጥራት ያለው፣ ግን ላባው የበዛ ከረጢት ለአካባቢው ተስማሚ ነው።

ከላባ ሌላ ሰው ሠራሽ ቃጫ የተሞሉ ከረጢቶችም አሉ። እነዚህ ከበድ ይላሉ፤ ሆኖም ዋጋቸው ዝቅተኛ ሲሆን ቢረጥቡም የተወሰነ ሙቀት ይይዛሉ። በክረምት ዝናብ ለሚጓዝ ሰው ከላባ ይልቅ ይመረጣሉ።

ያገለገለ ወይም የኪራይ ከረጢት ከመውሰድ በፊት የሚከተሉትን ማየት ይጠቅማል፦

ከረጢቱን ዘርግቶ ጥቂት መጠበቅና መነፋቱን ማየት።
ወደ ብርሃን አንስቶ ላባ የሌለበት ክፍል ወይም የተቋጠረ ላባ መኖሩን መፈተሽ።
በእጅ ሲዳሰስ የላባ አገዳ የሚበዛበት ከሆነ ለስላሳው ላባ አነስተኛ መሆኑን መገንዘብ።
ዚፑን እስከ ጫፍ ከፍቶ መዝጋትና የራስ መሸፈኛውን ማጥበቅ።
ገብቶ መተኛት፤ በጣም ሰፊ ወይም ረጅም ከሆነ ገላ ባዶውን ቦታ ለማሞቅ ይደክማል።

ምንጣፍና የአገር ልብስ

ከሥር ያለው ላባ በሰው ክብደት ስለሚጨፈለቅ ከመሬት የሚመጣውን ብርድ አያግድም። ስለሆነም ያለምንጣፍ ውድ ከረጢትም ጥቅሙ ይቀንሳል። ከስፖንጅ ምንጣፍ በላይ አጎዛ ቢነጠፍ ፀጉሩ አየር ስለሚይዝ ይረዳል። ጋቢ ከላይ ሳይጠብቅ ሊደረብ ይችላል፤ ከባድ ብርድ ልብስ ግን ላባውን ስለሚጨፈልቅ ከሥር ቢነጠፍ ይሻላል። ጥጥ እርጥበት ስለሚስብ በላብ በረጠበ ልብስ መተኛት አይመከርም።

በፓርኩ ከተጓዦች ጋር የሚወጡ ጠባቂዎችና በቅሎ ነጂዎች ብዙ ጊዜ የሚያድሩት በጋቢና በብርድ ልብስ ነው። ብርዱ ለእነሱም እኩል ስለሆነ፣ የጉዞው በጀት ሲወጣ የእነሱ መኝታም አብሮ ሊታሰብ ይገባል።

የብርድ አደጋ

የገላ ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ ሰውየው በኃይል ይንቀጠቀጣል፣ አንደበቱ ይተሳሰራል፣ ግራ ይጋባል። መንቀጥቀጡ ቆሞ ድካም ከተከተለ ደህና ሆነ ማለት ሳይሆን አደጋው ጸና ማለት ነው። እርጥብ ልብሱን ማውለቅ፣ በደረቅ መሸፈን፣ ከመሬት መለየትና በቶሎ ወደ ሕክምና ማድረስ ያስፈልጋል። አልኮል መጠጣት የሙቀት ስሜት ቢሰጥም የገላን ሙቀት ወደ ውጭ ስለሚያወጣ ጎጂ ነው።

አያያዝ

ከረጢቱ በጉዞ ላይ ውኃ በማያስገባ ፕላስቲክ ተጠቅልሎ ይያዛል። በየጠዋቱ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ የሌሊቱ ወዝ ይደርቃል። ሲታጠብ በጥቂት ለስላሳ ሳሙና በእርጋታ ይታሻል እንጂ አይጠመዘዝም፤ የተቋጠረው ላባ እየተፈታ እስከ ውስጡ እስኪደርቅ ድረስ ቀናት ሊፈጅ ይችላል። ቤት ሲቀመጥ ተጠቅጥቆ ሳይሆን በሰፊ የጨርቅ ከረጢት ወይም ተሰቅሎ መሆን አለበት፤ ለረጅም ጊዜ የተጨፈለቀ ላባ እንደ በፊቱ አይነፋም። በዚህ መልክ የተያዘ የላባ ከረጢት ብዙ ዓመታት ያገለግላል።