መለኪያን በሥዕል ማዘዝ
ላብቪው ለመለኪያና ለመረጃ መሰብሰቢያ ሥራ የተዘጋጀ፣ ፕሮግራሙ በጽሑፍ ሳይሆን በሥዕል የሚሠራበት ሶፍትዌር ነው። የቴክሳሱ ናሽናል ኢንስትሩመንትስ በ1986 እ.ኤ.አ. ለማኪንቶሽ ኮምፒውተር አወጣው።

እያንዳንዱ ፕሮግራም ሁለት ገጽ አለው። በፊት ለፊቱ ቁልፎች፣ ጠቋሚዎችና ግራፎች ይቀመጣሉ፤ በጀርባው ደግሞ ሥራውን የሚያከናውኑ ምልክቶች በመስመር ይያያዛሉ። የመስመሩ ቀለም የመረጃውን ዓይነት ይናገራል፦ ብርቱካናማ የአስርዮሽ ቁጥር፣ ሰማያዊ ሙሉ ቁጥር፣ አረንጓዴ እውነት ወይም ሐሰት፣ ሮዝ ጽሑፍ ያስተላልፋል። አንድ ምልክት ሥራ የሚጀምረው የሚያስፈልገው መረጃ ሁሉ ሲደርሰው ነው። ጀማሪን የሚያስቸግረውም ይኸው ነው፤ ቅደም ተከተሉን የሚወስነው የምልክቶቹ አቀማመጥ ሳይሆን የመረጃው ፍሰት ነው። የአምፖል ሥዕል ያለበትን ቁልፍ ተጭኖ መረጃው በመስመሩ ላይ ቀስ እያለ ሲጓዝ ማየት ከብዙ ገለጻ ይበልጣል።

ሥዕሉን መልመድ ግን የትምህርቱ ቀላሉ ክፍል ነው፤ ዋናው መለካትን ማወቅ ነው። የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ መስመር ሞገድ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ከዚህ ሞገድ በሰከንድ 60 ናሙና ብቻ የወሰደ ሰው በግራፉ ላይ የሚያየው በሰከንድ 10 ጊዜ የሚመላለስ፣ ጭራሽ የሌለ ሞገድ ነው። ስለዚህ የናሙናው ብዛት ከሞገዱ ድግግሞሽ እጥፍ መብለጥ አለበት፤ ቅርጹን አጥርቶ ለማየት ደግሞ 10 እጥፍና ከዚያ በላይ ይመረጣል።

ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለንግድ ላልሆነ ሥራ በነጻ የሚሰጥ የላብቪው ቅጂ አለ። መማር የፈለገ ሰው አርዱኢኖን የመሰለ ርካሽ ሰሌዳና አንድ የሙቀት ዳሳሽ አገናኝቶ የክፍሉን ሙቀት በመመዝገብ ይጀምር።