ፖዘቲቭ የተባለው ድመት

ሦስት ጠብታ ደም ይበቃል። የመጠለያው ባለሙያ ደሙን ከመመርመሪያ ፈሳሽ ጋር ያዋህድና ከመዳፍ በማትበልጥ የፕላስቲክ መሣሪያ ላይ ያፈሰዋል። ፈሳሹ እየተሳበ ምልክቱ ጋ ሲደርስ መሣሪያዋን ቀጭ አድርጎ ይጫናትና አሥር ደቂቃ ይጠብቃል። በመስኮቷ ውስጥ አንዲት ሰማያዊ ነጥብ ብቻ ከታየች ምርመራው በትክክል ሠርቷል፤ ድመቱም ነጻ ነው። ሌላ ነጥብ ከተጨመረች ግን ነገሩ ይለወጣል። በብዙ የአሜሪካ መጠለያዎች ያቺ ተጨማሪ ነጥብ ለዓመታት የሞት ፍርድ ነበረች። ድመቱ በደንብ ቢበላም፣ ቢጫወትም፣ ፀጉሩ ቢያበራም ከመርፌው አይድንም ነበር።

ነጥቧ የምታሳብቀው ኤፍ አይ ቪን ነው። የድመትን በሽታ የመከላከል አቅም ቀስ በቀስ የሚያዳክም፣ ከሰው ኤች አይ ቪ ጋር የአንድ ቤተሰብ የሆነ ቫይረስ ነው። የተገኘውም እ.ኤ.አ. በ1986 ከሳን ፍራንሲስኮ በስተሰሜን ባለችው ፔታሉማ ከተማ ነው። አንዲት ሴት ባለቤት የለሽ ድመቶችን ሰብስባ ታኖር ነበር፤ በጠቅላላው 43 ነበሩ። ከእነዚህ በርካቶቹ ሞቱ፣ ሌሎች ደግሞ በማይለቅ ሕመም ተያዙ። በጊዜው የሚታወቀው የድመት ሉኪሚያ ቫይረስ ተፈልጎ አልተገኘም። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ተመራማሪዎቹ ኒልስ ፔደርሰንና ጃኔት ያማሞቶ ከባልደረቦቻቸው ጋር አዲሱን ቫይረስ ከታመሙት ድመቶች ለይተው አወጡት፤ ግኝቱም በ1987 በ‹ሳይንስ› መጽሔት ወጣ።

ጊዜው ክፉ ነበር። በሰው ላይ ኤድስ የሚያደርሰው ጥፋት ገና እየተገለጠ፣ መድኃኒቱም ኤ ዜድ ቲ ብቻ በነበረበት ዓመት ‹የድመት ኤድስ› የሚል ወሬ ሲነዛ ምን እንደሚከተል ኢትዮጵያዊ አንባቢ አያጣውም። ፍርሃቱ ከቫይረሱ ፈጥኖ ተሰራጨ። ለዓመታት ድመት አቅፈው ያደሩ ሰዎች እኔም ይዞኝ ይሆን ብለው ተጨነቁ።

ጭንቀቱ መሠረት አልነበረውም። ቫይረሱ ወደ ሴል የሚገባው በሴሉ ሽፋን ላይ ያለ አንድ ፕሮቲን ይዞ ነው፤ የኤች አይ ቪ መያዣ ሲዲ4 ሲሆን፣ የኤፍ አይ ቪ ግን ሲዲ134 የተባለው የድመት ፕሮቲን መሆኑ በ2004 ታውቋል። ድመት የሚያክሙ ሐኪሞች በየጊዜው ይነከሳሉ፣ ይቧጨራሉ፤ ሆኖም ከድመት ኤፍ አይ ቪ የያዘው አንድም ሰው አልተመዘገበም። ወደ ውሻም አይተላለፍም።

ከድመት ወደ ድመትስ? ይኸኛው ይተላለፋል፤ መንገዱ ግን ጠባብ ነው። ቫይረሱ በምራቅ ውስጥ በብዛት ቢኖርም ከሰውነት ውጪ ቶሎ ይሞታል፤ አብሮ መብላትና መላላስ ብዙም አያሻግረውም። የሚያሻግረው ጥርስ ሥጋ ውስጥ እስኪቀበር የሚነክስ ንክሻ ነው። እንዲህ የሚነካከሱት ደግሞ በአብዛኛው ያልተኮላሹ፣ በሰፈርና በሴት ድመት የሚጣሉ የጎዳና ወንዶች ናቸው። ጆሮው የተተረተረ፣ ጉንጩ ያበጠ ጎረምሳ ድመት መጠለያ ሲገባ ሐኪሙ ከምርመራው በፊት የሚጠረጥረው ለዚህ ነው።

በ2014 የታተመ አንድ ጥናት ይህን በቤት ውስጥ ፈተነው። 138 ድመቶች በገቡበት፣ በግለሰብ ቤት በሚገኝ መጠለያ ውስጥ 8ቱ ቫይረሱ ነበረባቸው፤ ሁሉም ግን ሳይለያዩ አብረው ይኖሩ ነበር። ነጻ ከነበሩት መካከል ወራትና ዓመታት ቆይተው በድጋሚ ከተመረመሩት አንዱም አልተያዘም። በሌላ መጠለያም ቫይረሱ ካለባቸው 5 እናቶች የተወለዱት 19 ግልገሎች በሙሉ ነጻ ሆነው ተገኙ። ተኮላሽተው፣ ጠግበው፣ ቦታ ሳይጠባቸው የሚኖሩ ድመቶች የሚነካከሱበት ምክንያት የላቸውም።

አፍሪካ ውስጥ ደግሞ ሌላ የሚያስገርም ነገር አለ። በታንዛኒያው ሴሬንጌቲ የሚኖሩ አንበሶች ለአቅመ ብስለት ሲደርሱ ሁሉም ለማለት ይቻላል የራሳቸው ዝርያ የሆነ ኤፍ አይ ቪ ይኖርባቸዋል። ያም ሆኖ ያድናሉ፣ ይወልዳሉ፣ መንጋ ይመራሉ።

የቤት ድመት እንደ አንበሳው አልተላመደውም። ከንክሻው ሳምንታት በኋላ ትኩሳት ይመጣበታል፣ ዕጢዎቹ ያብጣሉ፤ ብዙ ጊዜ ማንም ሳያስተውል ያልፋል። ከዚያ ዓመታት የሚቆይ የጤና ዘመን ይከተላል። ብዙዎቹ ከዚህ ዘመን ሳይወጡ በሌላ ምክንያት፣ በእርጅና ጭምር ይሞታሉ። በ2010 የወጣ የምዕራብ ካናዳ ጥናት ቫይረሱ ባለባቸውና በሌላቸው ድመቶች ዕድሜ መካከል ልዩነት አላገኘም። የአሜሪካ የድመት ሐኪሞች ማኅበርም በ2020 መመሪያው አንድ ድመት ፖዘቲቭ ስለሆነ ብቻ እንዲገደል መወሰን እንደማይገባ አስፍሯል። ምርመራው ራሱ ሊሳሳት ይችላልና ጥንቃቄው ትክክል ነው። የሚለካው ቫይረሱን ሳይሆን ፀረ እንግዳ አካሉን ነው። ግልገል ከእናቱ ወተት የወሰደው ፀረ እንግዳ አካል እስከ ስድስት ወሩ ድረስ ሐሰተኛ ነጥብ ሊያወጣ ይችላል። በ2002 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው፣ ያችው ያማሞቶ የደከመችበት ክትባትም የተከተበውን ሁሉ ፖዘቲቭ ያደርግ ነበር፤ ጠፍቶ መጠለያ የገባ የተከተበ ድመት ከታመመው የሚለይበት ቀላል መንገድ አልነበረም። ክትባቱ በኋላ ከሰሜን አሜሪካ ገበያ ወጥቷል።

እንግዲህ እንዲህ ያለውን ድመት ቤቱ ለመውሰድ የሚያስብ ሰው ከስሙ ይልቅ አፉን ይመልከት። ኤፍ አይ ቪ ያለበት ድመት አብዝቶ የሚሰቃየው በድድ ነው። ድመት ሕመሙን ስለሚደብቅ አያለቅስም። ሲርበው እየሮጠ ወደ ሳህኑ ይመጣል፣ ያሸታል፣ አንዴ ይቀምስና እንደተቃጠለ ሁሉ ወደ ኋላ ይፈናጠራል። አንገቱን አዘንብሎ በአንድ ወገን ያኝካል። ለሃጩ ይንጠባጠባል፣ በእግሩ ጉንጩን ይፈገፍጋል፣ ራሱን መላስ ስለሚተው ፀጉሩ ይጎሳቆላል። ከንፈሩ ሲገለጥ ድዱ እንደ ጥሬ ሥጋ ቀልቶ ይታያል። ሕክምናው መስማት ያስደነግጣል፤ ጥርሶቹን በሙሉ ወይም አብዛኞቹን መንቀል ነው። ብዙ ድመቶች ግን ቁስሉ ሲድን ከቀድሞው በተሻለ ይበላሉ፤ ድመት ምግቡን ቆራርጦ ይውጣል እንጂ አላምጦ አይፈጭም። በመንቀል ላልዳኑት ኤ ዜድ ቲ የሚታዘዝበት ጊዜ አለ፤ መድኃኒቱ ደም ማነስ ስለሚያመጣ ደማቸው በየጊዜው ይመረመራል።

ሌላው እንክብካቤ ቀላል ነው፤ የሚጠይቀው ትዕግሥት ብቻ ነው። ድመቱ ይኮላሻል፣ ከቤት አይወጣም። ይህም እሱን ከጎዳና ጀርም፣ የጎረቤትን ድመት ደግሞ ከእሱ ጥርስ ያድናል። መጀመሪያ ላይ በር ላይ ቆሞ መጮሁ አይቀርም፤ መስኮት አጠገብ መቀመጫና በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ጨዋታ ያረሳሳዋል። ጥሬ ሥጋ ክልክል ነው። ባለቤቱ ቁርጥ ከወደደ ራሱ ይብላ እንጂ አያካፍለው፤ ጤነኛ ድመት የሚቋቋመው ሳልሞኔላና ቶክሶፕላዝማ ለዚህኛው ፈተና ነው።

ቀድሞ የተፈረደባቸው ድመቶች ጉዳይ በሌሎች በሽታዎችም እየታየ ነው። በ1994 የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ከአካባቢው የእንስሳት ጥበቃ ማኅበር ጋር ጤነኛና ጠባየ መልካም እንስሳ እንዳይገደል ተዋዋለ፤ ከዚያ ወዲህ የመጠለያዎች ክርክር ‹መታከም የሚችለውስ?› ወደሚለው ዞረ። ከሁሉ የሚገርመው የፔደርሰን ሁለተኛ ሥራ ነው። ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ያጠናው ኤፍ አይ ፒ፣ የድመት ኮሮና ቫይረስ የሚያመጣው በሽታ፣ የያዘውን ግልገል ሁሉ ለማለት ይቻላል ይገድል ነበር። በ2019 በወጣ ጥናት ባልደረቦቹና እሱ ጂ ኤስ 441524 የተባለ መድኃኒት ለ31 የታመሙ ድመቶች ሰጡ፤ 26ቱ ቢያንስ የ12 ሳምንቱን ሕክምና ጨረሱ፣ 25ቱም በሕይወት ሰነበቱ። በነሐሴ 2023 የቆጵሮስ መንግሥት በደሴቲቱ ድመቶችን ለሚፈጅ ወረርሽኝ፣ ለሰው የኮቪድ ሕክምና ያከማቸውን ክኒን ለድመቶች ፈቀደ። አሜሪካ ውስጥም ከሰኔ 2024 ጀምሮ ጂ ኤስ 441524 በእንስሳት ሐኪም ትእዛዝ ይገኛል።

ሥር የሰደደ ሕመም ሁሉ ግን እኩል አይከብድም። ቫይረሱ ብቻ ያለበት፣ አፉ ጤነኛ የሆነ ድመት ከሌላው ድመት የሚለየው በክትትል ነው። የስኳር በሽታ ያለበት በየ12 ሰዓቱ ኢንሱሊን ይወጋል። መርፌው ቀጭን ነው፣ ብዙ ድመቶች እየበሉ ሳይሰማቸው ያልፋል፤ አስቸጋሪው የቤቱ ሰው ጠዋትና ማታ በሰዓቱ መገኘት ነው። ያልበላን ድመት መውጋት ስኳሩን በአደገኛ ሁኔታ ያወርደዋል። በአንጻሩ ቶሎ የታከመና ምግቡ የተስተካከለ ድመት ኢንሱሊን የማያስፈልገው ደረጃ ሊደርስ ይችላል። ኩላሊቱ የደከመ ሽማግሌ ደግሞ አብዛኛው አቅሙ እስኪያልቅ ምልክት አያሳይም፤ ከዚያ በኋላ ልዩ ምግብ፣ ብዙ ውኃ፣ አንዳንዴም ከቆዳ ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ነው ኑሮው።

ስለዚህ መጠለያው በር ላይ መጠየቅ ያለበት ‹ምን በሽታ አለበት?› የሚለው ብቻ አይደለም። ጥርሱ መቼ ታየ? የመጨረሻው የደምና የሽንት ምርመራ ውጤት የት ነው? የሚያስፈልገው ሕክምና ካለ ወጪው የማን ነው? አንዳንድ መጠለያዎች የጥርሱን ሥራ ጨርሰው ወይም ክፍያቸውን ቀንሰው ይሰጣሉ፤ ካልተጠየቁ የማይናገሩም አሉ። ቤት ውስጥ ሌላ ድመት ካለ እንግዳው ለተወሰኑ ቀናት በተዘጋ ክፍል ይቆያል፤ መኝታ ጨርቆቻቸው ይለዋወጡና ሽታቸውን ይላመዳሉ፣ በበር ሥር ይተያያሉ። ያ የሚደረገው ጠብ እንዳይነሳ ነው፤ ጠብ ከሌለ ንክሻ የለም።

ከዚያ በኋላ ዋናው ዕቃ ሚዛን ነው። በዓመት ሁለቴ ሐኪም ዘንድ መሄድ እንዳለ ሆኖ፣ በወር አንዴ እቤት መመዘን ከብዙ ምርመራ ይቀድማል። ድመቱን አቅፎ የሰው ሚዛን ላይ መውጣትና የራስን ክብደት መቀነስ ይቻላል፤ የሕፃናት ሚዛን ግን ይበልጥ ትክክል ነው። ግማሽ ኪሎ ለሰው ምንም አይደለም፤ አራት ኪሎ ከሚመዝን ድመት ሲቀነስ ግን ከስምንት እጅ አንዱ ሄዷል ማለት ነውና ቀጠሮ ሳይጠበቅ ሐኪሙ ጋ ይደወላል።