ሽልማት ያልሆነ ወረቀት

«ለአካባቢ ተስማሚ» ብሎ ጆንያ ላይ ማተም ከቀለም ሌላ ወጪ የለውም። የምርት የአካባቢ ተጽዕኖ መግለጫ፣ በአጭሩ ኢፒዲ፣ እንዲህ በቀላሉ አይገኝም። አምራቹ ጥሬ ዕቃው ከመሬት ከወጣበት ጊዜ አንሥቶ ምርቱ ከፋብሪካው በር እስኪወጣ፣ ብዙ ጊዜም አገልግሎቱን ጨርሶ እስኪወገድ ድረስ የወሰደውን ኃይልና ውሃ፣ ወደ አየር የለቀቀውንም ጋዝ አንድ በአንድ ያስቆጥራል። ከዚያ ከድርጅቱ ነፃ የሆነ አጣሪ ስሌቱን ይመረምራል። የሥራው መመሪያ አይኤስኦ 14025 ነው፤ ለግንባታ ዕቃ ደግሞ አውሮፓውያን ኢኤን 15804ን ይጠቀማሉ። አንድ መግለጫ በአብዛኛው 5 ዓመት ያገለግላል።

መግለጫው ግን ምርቱ ጥሩ ነው አይልም። ክፉኛ የሚበክል ምርትም በሚገባ የተረጋገጠ ኢፒዲ ሊኖረው ይችላል። ታዲያ ነጋዴ ገመናውን በገዛ ገንዘቡ ለምን ያወጣል?

ፈረንሳይን እንይ። እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው አርኢ2020 የተባለው ደንብ የአዳዲስ መኖሪያ ቤቶች የካርቦን መጠን እንዲሰላና ከተወሰነ ጣሪያ እንዳያልፍ ያስገድዳል። መሐንዲሱ ቁጥሮቹን የሚያገኘው ኢኒየስ ከሚባለው የአገሪቱ መዝገብ ነው። መግለጫ ላለው ምርት የራሱ ቁጥር ተመዝግቦለታል፤ ለሌለው ግን ሆን ተብሎ ከፍ የተደረገ ግምት ይያዝለታል። ንጹሕ ሆኖ ዝም ያለ ፋብሪካ እንደ በካይ ይቆጠራል ማለት ነው፤ ጣሪያው ያስጨነቀው ገንቢም ወደ ተፎካካሪው ያመራል። ስለ መልካም ስም ከሚነገረው ሁሉ ይልቅ እኔን የሚያሳምነኝ ይህ ነው።

ሌላው ጥቅም እዚያው ፋብሪካው ውስጥ ነው። በኮንክሪት ክብደት ውስጥ የሲሚንቶው ድርሻ ትንሽ ነው፤ ልቀቱ ግን በአብዛኛው የእሱ ነው። ሲሚንቶውም ቢሆን ዋና ግብዓቱ የሆነው ክሊንከር ሲመረት ከሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከግማሽ በላዩ የሚመነጨው ከነዳጁ ሳይሆን ከሚቃጠለው የኖራ ድንጋይ ነው። ይህን በቁጥር ያየ ሥራ አስኪያጅ የመኪኖቹን ናፍጣ ከመቆጠቡ በፊት ክሊንከሩን ይቀንሳል። የእኛ ግንበኞች ፒፒሲ የሚሉት ሲሚንቶ ከክሊንከሩ ከፊሉን ፖዞላና በሚባል የተፈጥሮ ግብዓት የሚተካ ነው፤ በእንዲህ ያለ ቆጠራ ከተራው ሲሚንቶ ከኦፒሲ የተሻለ ውጤት የሚያገኘውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ወጪው ለትንሽ አምራች ከባድ ነው። ስለዚህ ማኅበራት ለአባሎቻቸው አንድ አማካይ መግለጫ ያወጣሉ፤ አማካይ ግን የተሻለውን ፋብሪካ ከደካማው ጋር ይደባልቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የካሊፎርኒያ «ባይ ክሊን» ሕግ በዚህ አይረካም፤ ለግዛቲቱ ፕሮጀክት ፌሮ ወይም መስታወት የሚያቀርብ ሰው ዕቃው የተመረተበትን የዚያኑ ፋብሪካ መግለጫ ማምጣት አለበት።