ጾታዊ ዝንባሌ፦ ሳይንሱ ምን ይላል? የእኩልነት መብትስ በምን ላይ ይቆማል?

መግቢያ

በአማርኛ ስለ ተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት ሲነገር በአብዛኛው የሚሠራበት ቃል «ግብረ ሰዶም» ነው። ቃሉ ከሃይማኖት ትምህርት የመጣ ሲሆን የሚጠራውም ድርጊትን ነው። የሕክምናና የሥነ ልቡና ሳይንስ የሚያጠናው «ጾታዊ ዝንባሌ» ግን ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም አንድ ሰው ወደ ተቃራኒ ጾታ፣ ወደ ራሱ ጾታ ወይም ወደ ሁለቱም የሚያድርበት ዘላቂ የስሜትና የፍቅር መሳብ ነው። ዝንባሌው ኖሮት ድርጊቱን ፈጽሞ የማያውቅ ሰው አለ፤ በግዳጅ ወይም በችግር ምክንያት ድርጊቱን የፈጸመ፣ ዝንባሌው ግን የሌለው ሰውም አለ።

ሁለቱን አለመለየት በሕክምና ላይ የሚያስከትለው ስሕተት ቀላል አይደለም። ጉዳቱ የሚከፋው ደግሞ ሁሉም ሰው በሚተዋወቅባቸው ትናንሽ ከተሞች ነው። በምሥራቃዊው ደቡብ ጎንደር፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የሚሠራ ባለሙያ ጥያቄው ሲቀርብለት የሚያማክረው የአእምሮ ሐኪም በቅርብ ላያገኝ ይችላል። ስለዚህ ሳይንሱ የደረሰበትን፣ ሕጉ የሚለውንና የሙያ ግዴታው የሚጀምርበትን አስቀድሞ ማወቁ ተገቢ ነው።

በሽታ ነውን?

እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ የተመሳሳይ ጾታ ዝንባሌ የአእምሮ ሕመም ተደርጎ ይቆጠር ነበር። ይህ አመለካከት በዋናነት የተመሠረተው በሆስፒታልና በእስር ቤት በተገኙ ሰዎች ላይ በተደረጉ ምልከታዎች ነበር። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቡና ተመራማሪ ኤቭሊን ሁከር እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተመችው ጥናት ግን በማኅበረሰቡ ውስጥ የሚኖሩ 30 የተመሳሳይ ጾታና 30 የተቃራኒ ጾታ ዝንባሌ ያላቸው ወንዶችን በሥነ ልቡና ፈተናዎች መረመረች። የፈተናው ውጤት የተመርማሪው ማንነት ሳይገለጽ ለታወቁ ባለሙያዎች ሲቀርብ አንደኛውን ቡድን ከሌላው መለየት አልቻሉም።

ይህና ሌሎች ማስረጃዎች ከተመዘኑ በኋላ የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1973፣ የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1990 ዝንባሌውን ከበሽታዎች ዝርዝር አውጥተዋል። የዓለም ሐኪሞች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መግለጫ ይህንኑ አረጋግጧል።

ዝንባሌን በሕክምና ለመለወጥ የተደረጉ ሙከራዎችም አስተማማኝ ውጤት አላስገኙም። ሮበርት ስፒትዘር የተባሉት የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2003 በ200 ሰዎች ቃል ላይ ብቻ ተመሥርተው «መለወጥ ይቻላል» የሚል ጥናት ካወጡ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የጥናቱን ጉድለት አምነው ይቅርታ ጠይቀዋል።

መንስኤው ምንድን ነው?

በዚህ ጥያቄ ላይ ብዙ ከተጠኑት መካከል መንትዮች ይገኙበታል። በስዊድን ከሰባት ሺህ በላይ መንትዮችን ያካተተና እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት፣ በተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት ረገድ በሰዎች መካከል ከሚታየው ልዩነት በወንዶች አንድ ሦስተኛ ያህሉን፣ በሴቶች ደግሞ አንድ አምስተኛ ያህሉን የዘር ውርስ እንደሚያስረዳ ገምቷል። ሌላው በተደጋጋሚ የተገኘ ውጤት የወንድሞች ቅደም ተከተል ነው፤ ከአንድ እናት የተወለዱ ታላላቅ ወንድሞች በበዙ ቁጥር የታናሹ ወንድ ወደ ራሱ ጾታ የመሳብ ዕድል በመጠኑ ይጨምራል። ይሁን እንጂ ብዙ ታላላቅ ወንድሞች ካሏቸው ወንዶችም እጅግ የሚበዙት የተቃራኒ ጾታ ዝንባሌ ያላቸው ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመውና ወደ 477 ሺህ 500 የሚጠጉ ሰዎችን የዘር መረጃ የመረመረው ጥናት «የግብረ ሰዶም ዘር» የሚባል አንድ ነጠላ ነገር እንደሌለ አሳይቷል። ጥናቱ ያገኘው እያንዳንዳቸው በጣም አነስተኛ ተጽዕኖ ያላቸው የብዙ ዘረ መሎችን ድምር ሲሆን፣ ከዚህ ተነሥቶ የአንድን ግለሰብ ዝንባሌ መተንበይ አይቻልም። ሁለት ገደቦቹንም ማስታወስ ያሻል፦ የተመረመሩት የአውሮፓ የዘር ሐረግ ያላቸው ሰዎች ናቸው፤ የተጠየቁትም ስለ ድርጊታቸው እንጂ ስለ ዝንባሌያቸው አልነበረም።

በጠቅላላው ማስረጃው የሚያመለክተው የዘር ውርስና ከመወለድ በፊት ያሉ ሁኔታዎች ድርሻ እንዳላቸው፣ አንድ ብቸኛ መንስኤ ግን እንዳልተገኘ ነው። ሰው ዝንባሌውን መርጦ እንደሚይዘው ወይም ከሌላ ሰው እንደሚጋባበት የሚያሳይ አሳማኝ ማስረጃ የለም።

«ነጠላ ዘር የለም» ማለት «ምርጫ ነው» ማለት አይደለም

የሳይንስ ውጤት በተሳሳተ መንገድ ሲተረጎም ምን እንደሚያስከትል የዩጋንዳ ተሞክሮ ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ2014 መጀመሪያ ላይ ፕሬዚዳንት ዮዌሪ ሙሴቬኒ ጥብቅ የቅጣት ሕግ ከመፈረማቸው በፊት የሀገሪቱን ሳይንቲስቶች አስተያየት ጠይቀው ነበር። ሳይንቲስቶቹ ዝንባሌው በሽታ እንዳልሆነና አንድ ነጠላ ዘር እንዳልተገኘለት ገለጹ። ፕሬዚዳንቱ ግን ሁለተኛውን ነጥብ ይዘው «እንግዲያውስ የተለመደ ጠባይ ነው» በማለት ሕጉን ፈረሙ። ሕጉ በዚያው ዓመት በምልዓተ ጉባኤ ጉድለት ምክንያት በፍርድ ቤት ቢሻርም፣ እ.ኤ.አ. በ2023 የባሰ ሕግ ወጥቷል። የደቡብ አፍሪካ የሳይንስ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተመው ሰፊ ሪፖርት ዝንባሌ ከሰው ወደ ሰው እንደማይተላለፍ ለአፍሪካ መንግሥታት አስረድቷል።

ስሕተቱን ለመረዳት ግራኝነትን መመልከት ይበቃል። ግራኝ የሚያደርግ አንድ ነጠላ ዘር የለም፤ ከፍጹም ተመሳሳይ መንትዮች አንዱ ግራኝ ሌላው ቀኝ ሊሆን ይችላል። ሆኖም ግራኝነቱን መርጦ የያዘ ሕፃን የለም። በቀኝ እጁ እንዲበላ የተገደደ ልጅም እጁን ይለውጥ ይሆናል እንጂ ግራኝነቱ አይለወጥም።

መብት የሚቆመው በመንስኤ ላይ ነውን?

ብዙዎች «ተፈጥሮ ከሆነ መብት ይገባዋል፤ ምርጫ ከሆነ አይገባውም» ብለው ይከራከራሉ። ታሪክ ግን ይህን አይደግፍም። ጀርመናዊው ሐኪም ማግነስ ሂርሽፌልድ ዝንባሌው ከተፈጥሮ የመጣ መሆኑ ከታወቀ ስደቱ ይቆማል የሚል እምነት ነበራቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1919 በበርሊን ያቋቋሙት የምርምር ተቋም ግን በ1933 በናዚዎች ተዘርፎ መጻሕፍቱ ተቃጠሉ። በእንግሊዝም እውቁ የሒሳብ ሊቅ አለን ቱሪንግ እ.ኤ.አ. በ1952 ተፈርዶባቸው ከእስር ይልቅ የሆርሞን መርፌ እንዲቀበሉ ተደርገዋል። ጉዳዩን በአካል ተፈጥሮ ማስረዳት ብቻውን ለሁለቱም ከለላ አልሆናቸውም።

በአንጻሩ ሃይማኖት ማንም ሲወለድ ይዞት የሚመጣ ዘር አይደለም፤ ሰው ሊቀበለውም ሊተወውም ይችላል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ግን የሃይማኖት ነጻነትን ይጠብቃል። እኩልነት የሚመነጨው ከሰብአዊ ክብር እንጂ ከላቦራቶሪ ውጤት አይደለም። የሳይንስ ድርሻ አድልዎ የሚመካባቸውን የሐሰት ምክንያቶች፣ ማለትም በሽታ ነው፣ ይጋባል፣ ይድናል የሚሉትን ማስወገድ ነው።

የኢትዮጵያ ሕግ ምን ይላል?

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን፣ በአንቀጽ 26 ደግሞ የግል ሕይወት መከበርን ይደነግጋል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1993 የተቀበለችውን የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን የሚከታተለው የተባበሩት መንግሥታት ኮሚቴም እ.ኤ.አ. በ1994 በአውስትራሊያ ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ፣ በቃል ኪዳኑ ውስጥ «ጾታ» የሚለው ቃል ጾታዊ ዝንባሌን እንደሚጨምር ገልጿል። በሌላ በኩል የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 በተመሳሳይ ጾታ መካከል የሚፈጸምን ድርጊት በቀላል እስራት ይቀጣል። በሁለቱ መካከል ያለው ውጥረት እስካሁን አልተፈታም።

ይሁንና ለጤና ባለሙያ ሁለት ነጥቦች ግልጽ ናቸው። አንደኛ፣ አንቀጽ 629 የሚቀጣው ድርጊትን እንጂ ዝንባሌን አይደለም። ሁለተኛ፣ ይኸው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 399 የታካሚውን ምስጢር ያለ ሕጋዊ ምክንያት የሚያወጣን ሐኪም፣ ነርስ ወይም አዋላጅ ይቀጣል። ወንጀልን አለማስታወቅን የሚመለከተው አንቀጽ 443 የሚናገረውም በሞት ወይም በዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት ስለሚያስቀጡ ወንጀሎች በመሆኑ የአንቀጽ 629ን ጉዳይ አይጨምርም። ስለዚህ ታካሚው የነገረውን ለፖሊስ፣ ለቀበሌ ወይም ለቤተሰብ የሚያወራ ባለሙያ ሕግ አስከባሪ ሳይሆን ሕግ ተላላፊ ሊሆን ይችላል።

የባለሙያው ድርሻ

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ገጠር ጋብቻ የሁለት ሰዎች ጉዳይ ብቻ ሳይሆን ቤተሰብን ከቤተሰብ የሚያስተሳስር ነው። «አላገባም» ያለ ወጣት በወላጆቹ ግፊት ወደ ነፋስ መውጫ፣ ወደ ወገዳ ወይም ወደ መካነ ኢየሱስ ለምርመራ ቢመጣ፣ ባለሙያው ሊያነጋግረው የሚገባው ለብቻው ነው። ዝንባሌውን ለመለወጥ መድኃኒት ማዘዝ መሠረት የለውም። ሊመረመር የሚገባው ጭንቀቱ፣ እንቅልፍ ማጣቱና ራስን የማጥፋት ሐሳቡ ነው፤ መገለል በሚበዛበት ሁሉ እነዚህ እንደሚበዙ በልዩ ልዩ ሀገሮች የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋልና። ወላጆችም ቢጠይቁ፣ ታካሚው ሳይፈቅድ ሊነገራቸው የሚገባው ነገር የለም።

የአባላዘር በሽታዎችንና የኤች አይ ቪን ምርመራ በተመለከተ ጥያቄው ያለ ፍርድ መቅረብ አለበት። የታፈረ ታካሚ እውነቱን ይደብቃል፤ ሕክምናውም ይዘገያል፤ የሚያገባት ሚስቱም ለአደጋ ትጋለጣለች። ድርጊቱን «ለማረጋገጥ» በግዳጅ የሚደረግ የፊንጢጣ ምርመራ ምንም ሳይንሳዊ ዋጋ እንደሌለው የዓለም ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2017 አስታውቆ ሐኪሞች እንዳይሳተፉበት ጠይቋል።

ማጠቃለያ

ስለ ዝንባሌ መንስኤ የሚደረገው ምርምር ገና አላለቀም፤ ሕጉም በሕግ አውጪው እጅ ያለ ጉዳይ ነው። የታካሚው ክብርና ምስጢር ግን የሁለቱን ውጤት አይጠብቅም። ከጉና ተራራ ግርጌ በሚገኝ ጤና ጣቢያ የሚሠራ ባለሙያ ምስጢር ሲጠብቅ፣ ያልሆነውን በሽታ ነው ሳይል ሲቀርና ትክክለኛውን ሕመም ሲያክም፣ የእኩልነት መብትን በእጁ ባለው መጠን ፈጽሟል።