የጭነት ሒሳብ፦ ያልተነካካ ፒክአፕ በቱርካና ምሥራቃዊ ዳርቻ

ከኦሞራቴ አካባቢ ተነስቶ በኢለረት በኩል ኬንያ የሚገባውና የቱርካና ሐይቅን ምሥራቃዊ ዳርቻ ተከትሎ እስከ ሎይያንጋላኒ የሚዘልቀው ጉዞ በአብዛኛው የሚካሄደው በተሠራ መንገድ ላይ ሳይሆን ቀድመው ያለፉ ተሽከርካሪዎች በተዉት የጎማ ዱካ ላይ ነው። የሞያሌ–ማርሳቢት አውራ ጎዳና አስፋልት ከለበሰ ወዲህ ወደ ናይሮቢ የሚያመራው ተሽከርካሪ ያንን ስለሚመርጥ፣ በሐይቁ ዳርቻ የሚያልፉት በአካባቢው ሥራ ያላቸው ወይም ምድረ በዳውን ለማየት አስበው የወጡ ናቸው። ከእነዚህ መካከል ጋራዥ ጎራ ብሎ ምክር የሚጠይቅ ባለ ፒክአፕ ዘወትር የሚያነሳው ጥያቄ በመኪናው ላይ ምን መጨመር እንዳለበት ነው፤ በሙያው የቆየ መካኒክ ግን አስቀድሞ የሚመረምረው ከጭነቱ ላይ ምን ሊቀነስ እንደሚችል ነው። ያልተነካካ ፒክአፕ፣ ማለትም ቁመቱ ያልተለወጠ፣ ባሌስትራው ያልተደረበበት፣ ከፋብሪካ እንደወጣ ያለ ተሽከርካሪ፣ ይህን መንገድ ይወጣዋል፤ የማይወጣው ከአቅሙ በላይ ተጭኖ ሲሄድ ነው።

የአንድ ፒክአፕ የመጫን አቅም የሚባለው ፋብሪካው ከፈቀደው ጠቅላላ ክብደት ላይ የባዶው መኪና ክብደት ሲቀነስ የሚቀረው ሲሆን፣ ባለ ሁለት ጋቢና በሆኑት የተለመዱ ዓይነቶች ላይ አንድ ቶን ገደማ ወይም ከዚያ ጥቂት ያነሰ ነው። ይህ ቁጥር ብዙ መስሎ የሚታየው ጋቢና ውስጥ የሚቀመጡት ሰዎች ጭምር በእሱ ውስጥ እንደሚቆጠሩ እስኪታወስ ድረስ ነው፤ አራት ሰዎች ከነጓዛቸው ሦስት መቶ ኪሎ ግራም አልፈው ይሄዳሉ። ባለ 20 ሊትር አራት ጄሪካን ናፍጣ ወደ 67 ኪሎ ግራም፣ 100 ሊትር ውሃ ደግሞ 100 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ሁለተኛ ስኮርታ፣ ክሪክ፣ የመፍቻ ሣጥን፣ ድንኳንና ስንቅ ሲታከሉ የቀረው ክፍተት ጠባብ ይሆናል። ከዚህ በኋላ የሚገጠም ከባድ የብረት መከላከያ፣ ዊንችና ፖርቶ መጋላ ቦታ የሚያገኘው ከውሃው ወይም ከናፍጣው ላይ ተሻምቶ ነው፤ እነዚህ ዕቃዎች በከተማ ውስጥ ለመኪናው ግርማ ሞገስ እንደሚሰጡ ግን መካድ አይቻልም።

ከክብደቱ መጠን ባላነሰ ወሳኙ የሚያርፍበት ቦታ ነው። ከኋላ አክስል አልፎ የተቀመጠ ጭነት እንደ ማንሻ ስለሚሠራ፣ በኋላው አክስል ላይ የሚያሳርፈው ጫና ከራሱ ክብደት ይበልጣል፤ በዚያው መጠን የፊቱን ጎማዎች ያቀልላል፤ ሻንሲው፣ ማለትም ጋቢናውንና የጭነት አካሉን የተሸከመው የብረት መዋቅር፣ በሁለቱ መካከል ባለው ክፍል ላይ ይጎብጣል። ስንጥቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው እዚሁ ከጋቢናው ኋላ ነው። በአገራችን የተለመደው መፍትሔ ባሌስትራ መደረብ ሲሆን፣ ይህ የመኪናውን ጀርባ ቀና ቢያደርግም ሻንሲውን አያጠነክረውም፤ እንዲያውም ባሌስትራው ተለጥጦ መዋጥ የነበረበትን ድንጋጤ ሳይቀንስ ወደ ሻንሲው ያሳልፈዋል። ስለዚህ ውሃና ናፍጣ የመሰሉት ከባድ ነገሮች ከጭነት ሣጥኑ ወለል ላይ፣ ጋቢናውን ተደግፈው ይታሰራሉ። ከሣጥኑ በታች በሰንሰለት የተንጠለጠለው ስኮርታም ወደዚያው ቢዛወር ይመረጣል፤ የኋላ ጎማ አሸዋ ውስጥ ሲተነፍስ መኪናው ዝቅ ስለሚል፣ ስኮርታውን ከሥር ስቦ ለማውጣት መጀመሪያ አሸዋውን መቆፈር የግድ ይሆናልና።

በዚህ ዓይነት ጉዞ መኪናን የሚጎዳው ብዙዎች የሚፈሩት ገደል ወይም ትልቅ ድንጋይ አይደለም፤ ለሰዓታት የማያቋርጠው እንደ ቆርቆሮ የተሸነተረ መሬት ነው። አሞርዛተር የባሌስትራውን መወዛወዝ የሚገታው ውስጡ ያለው ዘይት በጠባብ ቀዳዳዎች ሲያልፍ ንዝረቱን ወደ ሙቀት በመለወጥ ነው፤ ሙቀቱ ሲከማች ዘይቱ ይቀጥናል፣ አረፋም ይሠራል፣ ከዚያ በኋላ ጎማው መሬት ላይ መቆየቱን ትቶ ይነጥራል። ሾፌሮች «ፈጠን ሲሉበት ከላይ ከላይ ይሄዳል» የሚሉት አባባል ግማሽ እውነት አለው፤ ፍጥነቱ ሲጨምር ጎማው የሽንትሩን ጫፍ ብቻ እየነካ ስለሚያልፍ ጋቢናው ውስጥ ያለው ሰው ዕረፍት ያገኛል። ይሁን እንጂ በዚያው ቅጽበት መሪውም ፍሬኑም የሚተማመኑበት መሬት ይሳሳል፤ የተጫነ ፒክአፕ በኩርባ ላይ ጀርባውን የሚጥለውም በዚህ ጊዜ ነው። የተሻለው ፍጥነትን መቀነስ፣ የጎማን አየር በመጠኑ ማስተንፈስና አሞርዛተሩ እንዲቀዘቅዝ በየጊዜው መቆም ነው።

ማታ ሲታደር ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት የዩ ቅርጽ ያላቸው ቡሎኖች በመፍቻ ይሞከራሉ፣ የባሌስትራው ቅጠሎችም አንድ በአንድ በባትሪ ብርሃን ይታያሉ። በአቧራ በተሸፈነው ቅጠል ላይ፣ በተለይ በመካከለኛው ቡሎን አጠገብ፣ ቀጭን የዝገት መስመር ወይም ከሌላው የተለየ የሚያብረቀርቅ ጭረት ከታየ ቅጠሉ ተሰንጥቋል ወይም መንቀሳቀስ ጀምሯል ማለት ነው፤ በነጋታው መንገድ ላይ ከመሰበሩ በፊት የዚያን ምሽት በእንጨትና በሽቦ ማሰር ይቻላል።

የጎማ አየር ጉዳይ በዚህ ዳርቻ ላይ ቀላል መልስ የለውም። በፒ.ኤስ.አይ፣ ማለትም በአንድ ስኩዌር ኢንች ላይ በሚያርፍ ፓውንድ፣ ሲለካ የተጫነ ፒክአፕ በአስፋልት ላይ ከ35 እስከ 40 ቢፈልግ፣ በተሸነተረው መሬት 28 ገደማ፣ በልል አሸዋ ደግሞ ከ18 እስከ 20 ይስማማዋል፤ አየሩ ሲቀንስ ጎማው መሬት የሚነካበት ክፍል ስለሚረዝም ክብደቱን በሰፊ ቦታ ላይ ያሳርፋል። ነገር ግን ወደ ሎይያንጋላኒ ሲቃረቡ የሚገጥመው ስለታም የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚቆርጠው በትክክል በማስተንፈስ ጎኑ የተለጠጠውን ጎማ ነው፤ ጎኑ የተቀደደ ጎማ ደግሞ ጎሚስታም አያድነውም። ስለዚህ አሸዋውና ድንጋዩ በተፈራረቁ ቁጥር ማስተንፈስና መንፋት ያስፈልጋል፤ ከባትሪ የሚሠራ አነስተኛ ኮምፕረሰር ከዊንች ይልቅ በጭነቱ ውስጥ ቦታ የሚገባው ለዚህ ነው።

ደረቅ ወንዝ መሻገር ትዕግሥት ይጠይቃል፤ በእግር ተረግጦ ይመረመራል፣ የአራት ጎማ ጉልበትና ዝቅተኛው የማርሽ ክልል አሸዋው ውስጥ ሳይገባ ይያዛል፣ ከዚያ በሁለተኛ ማርሽ ሳይቆሙና ማርሽ ሳይለውጡ ይታለፋል። ጎማው ባለበት መሽከርከር ከጀመረ ነዳጅ መስጠት ጉድጓዱን ከማጥለቅ በቀር ፋይዳ የለውም። ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን እንኳ ራቅ ባለ ደጋ ላይ የዘነበው ዝናብ ደራሽ ውሃ ሆኖ ሊመጣ ስለሚችል በወንዙ አልጋ ላይ አይታደርም። ከበርሜል የተገዛ ናፍጣም ቆሻሻና ውሃ ያዘለ ሊሆን ስለሚችል በጨርቅ ተጣርቶ ይቀዳል፣ የናፍጣ ማጣሪያው ሥር የሚጠራቀመው ውሃም በየዕለቱ ይፈስሳል።

በሰሜን ሆር በኩል ወደ ማርሳቢት ለሚያቀና፣ የጨልቢ ምድረ በዳ የጭነቱን ሒሳብ እንደገና ያነሳዋል። የደረቀ የሐይቅ ወለል በመሆኑ በበጋ ሜዳ ሆኖ ይጠብቃል፤ ዝናብ ከነካው ግን ላዩ ደርቆ ሥሩ ጭቃ የሆነ ቅርፊት ይይዛል፤ ቀላል መኪና የተሸከመው ቅርፊት በከባዱ ሥር ይሰበራል። እንዲህ ባለው ጊዜ በደቡብ ሆርና በላይሳሚስ በኩል መዞር ይመረጣል፤ ከላይሳሚስ ወደ ሐይቁ አቅራቢያ የሚወስደው 208 ኪሎ ሜትር መንገድ በዚያ ለተተከለው የነፋስ ኃይል ማመንጫ ግንባታ ተብሎ ተሻሽሏል። አስፋልቱ ላይ ሲደረስ የጎማዎቹ አየር ወደ ቀድሞው መጠን ይመለሳል፤ የእነዚህ ፒክአፖች አብዛኛዎቹ በፊትና በኋላ አክስል መካከል ዲፍሬንሻል ስለሌላቸው የአራት ጎማ ጉልበቱም ይፈታል፤ ከኦሞራቴ የመጣው ሾፌርም እንደ ኬንያ ደንብ መንገዱን በግራ በኩል ይይዛል።