ስልክም እንደ መድኃኒት የማብቂያ ጊዜ አለው

የመድኃኒት አስመጪ ዕቃ ሲረከብ አስቀድሞ የሚመለከተው የማብቂያ ጊዜውን ነው። የስማርት ስልክ ነጋዴ ግን ሞዴሉን፣ ሜሞሪውንና ዋጋውን አይቶ ይረከባል። አምራቹ የደህንነት ማሻሻያ መላኩን ካቆመበት ቀን ጀምሮ ስልኩ መሥራቱን ባያቋርጥም ለመረጃ ጠላፊዎች ይበልጥ እየተጋለጠ ይሄዳል። ገንዘቡን በስልክ ለሚያንቀሳቅስ ደንበኛ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

«አንድሮይድ ኮዱ ክፍት ነው፤ አምራቹ ቢተወው ሌላው ያድሰዋል» የሚሉ አሉ። አባባሉ በከፊል እውነት ነው። የአንድሮይድ እምብርት የሆነው ሊኑክስ ከርነል በጂ.ፒ.ኤል. ቁጥር 2 ፈቃድ የሚሰራጭ በመሆኑ፣ ለውጦ የሚሸጠው ሁሉ ኮዱን ለገዢው የመስጠት ግዴታ አለበት። ከዚያ ውጪ ያለው አብዛኛው የአንድሮይድ ክፍል ግን በአፓቺ ፈቃድ ሥር ሲሆን፣ ይህ ፈቃድ አምራቹ የራሱን ለውጥ ሳይገልጽ እንዲይዝ ይፈቅድለታል። ካሜራውን፣ ሞደሙንና ግራፊክሱን የሚያንቀሳቅሱት ፕሮግራሞች ደግሞ በአብዛኛው ኮዳቸው የተዘጋና የቺፕ ሠሪው ንብረት ናቸው። በመሆኑም ቺፕ ሠሪው እጁን ካነሳ ስልክ አምራቹ ቢፈልግም መቀጠል ይከብደዋል።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የሆላንዱ ፌርፎን ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2015 ፌርፎን 2ን በአንድሮይድ 5 ለገበያ አቀረበ። ቺፕ ሠሪው ኳልኮም ለስናፕድራጎን 801 ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ ከአንድሮይድ 6 በኋላ አቆመ። ፌርፎን ግን በራሱ ባለሙያዎችና ላይኔጅ ኦ.ኤስ. በተባለው የበጎ ፈቃደኞች ሥራ ተደግፎ ስልኩን እስከ አንድሮይድ 10 አደረሰው፤ ድጋፉ ያበቃው በ2023 ነበር። ያለ ክፍት ኮድ ይህ ባልተቻለ ነበር። ኮዱ ብቻውን ግን አልበቃም፤ የዓመታት ድካምና ወጪ ጠይቋል። ኩባንያው በ2023 ላወጣው ፌርፎን 5 ለኢንዱስትሪ መሣሪያዎች የተሠራና ረጅም ድጋፍ ያለው ቺፕ መምረጡም ያለ ምክንያት አይደለም።

ትልልቆቹ ኩባንያዎችም ወደዚሁ መጥተዋል። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2023 ለፒክስል 8፣ ሳምሰንግ በ2024 ለጋላክሲ ኤስ 24 የ7 ዓመት ማሻሻያ ቃል ገብተዋል። ሆኖም ለምሳሌ የፒክስል 8 ዘመን የሚቆጠረው ሞዴሉ መጀመሪያ ለገበያ ከዋለበት ከኦክቶበር 2023 እንጂ ገዢው ከገዛበት ቀን አይደለም። በ2028 መጨረሻ ያገለገለ ፒክስል 8 የሚረከብ ነጋዴ እጁ የሚገባው ሁለት ዓመት የማይሞላ ድጋፍ ብቻ ነው።

እንግዲህ ነጋዴው ካርቶኑን ከመረከቡ በፊት ሞዴሉ መቼ እንደወጣና ድጋፉ መቼ እንደሚያበቃ ጠይቆ ዋጋውን በቀሪው ዕድሜ ቢያሰላ ይበጀዋል። በርካሽ የተገዛ ስልክ ድጋፉ ሊያበቃ ጥቂት ወራት ብቻ የቀሩት ከሆነ ርካሽነቱ የት ላይ ነው?